የመጨረሻዪቱ መስመር

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአማኑኤል ሰፈር ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ የጎረቤት ልጅ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ልጁ ኮሌጁን ከጨረሰ በኋላ ከዓመት በላይ ሥራ ሲፈልግ የቈየ ነው። አሁን መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ የጅምላ ንግድ ቤት በመጋዘን ሠራተኛነት ሊቀጥረው ተስማምቶ፣ አንብቦ ፈርሞ እንዲመለስ የሥራ መዘርዝር የሚሉትን ወረቀት ሰጥቶታል። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ልፈርም ወይስ ይቅር?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ። ዕቃ ይረከባል፤ ቈጥሮ በመዝገብ ያሰፍራል፤ በትእዛዝ ያወጣል፤ የጎደለውን ያስታውቃል፤ መጋዘኑን በንጽሕና ይይዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንድ ተራ ቍጥር ይወርዳል። አሥራ ሁለተኛው ግን አጭር ነበረ፤ ከቅርብ አለቃው የሚሰጡትን ሌሎች ሥራዎች ያከናውናል ይላል። ልጁ አሥራ አንዱን በጥንቃቄ አንብቦ በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸዋል። አሥራ ሁለተኛውን ግን ከግርጌ እንደሚመታ ማኅተም ቈጥሮ አልፎታል። የእኔ ዓይን ደግሞ ከዚያችው ላይ ቀረ። ምክንያቱን ወደ ፊት እናገራለሁ።

አንባቢ ሆይ፤ ስለ መጻሕፍት ሂስ ይጻፋል፤ ስለ ቅኔና ስለ ቴአትርም ይጻፋል። ነገር ግን ከልብ ወለድ መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ በብዙ ሰው ኑሮ ላይ የሚሠለጥን፣ ማንም ሰው ግን እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ የማይመረምረው ጽሑፍ ቢኖር ይኸ የሥራ መዘርዝር ነው። ደራሲው አይታወቅም። አንባቢው አንድ ጊዜ ብቻ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ጠብ በተነሣ ቀን ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ እንደ ማናቸውም ድርሰት ከፊታችን አድርገን እንመልከተው።

መጀመሪያ የሚታየው የግሡ ነገር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን መዘርዝር ያነበበ ሰው ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ ቈሻሻውን ታወጣለች የሚል ቃል ያገኛል። የዘበኛውን ያነበበ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የሚገባውን ይፈትሻል የሚል ያገኛል። ወደ ላይ እየወጣ የክፍል ኃላፊውን፣ ከዚያም የዋናውን አለቃ ወረቀት ቢያነብ ግን ይከታተላል፣ ያስተባብራል፣ አቅጣጫ ይሰጣል፣ ያረጋግጣል የሚል ነው የሚገጥመው። ወለሉ ተወልውሎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይፈርዳል። ነገሩ ተከታትሎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግን በማን ይፈረዳል? እንግዲህ ትንሹ ሠራተኛ በየቀኑ ጥፋት ሊገኝበት ይችላል፤ ትልቁ ግን በዓመትም አንድ ጊዜ አይገኝበትም። ይኸ በተንኰል የተጻፈ ነው አልልም። የሚጽፈው ሰው የታችኛውን ሥራ በዓይኑ ስለሚያየው በዓይን የሚታይ ቃል ይሰጠዋል፤ የላይኛውን ሥራ ስለሚፈራው የተከበረ ቃል ይሰጠዋል። ጥፋቱ ግን ያው ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ነገር የጎደለው ሰው ነው። በወረቀቱ ላይ ሠራተኛው አለ፤ አለቃው አለ፤ ዕቃውና መዝገቡም አለ። ሥራው የሚሠራለት ሰው ግን የለም። ባለጉዳዩ፣ ገዢው፣ ታማሚው፣ ተማሪው ስሙ አይነሣም። እኔ በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከፈረምኋቸው መዘርዝሮች በአንዱ ላይ፣ አንድ ልጅ ትምህርቱ ሳይገባው ቢቀር ምን እንደማደርግ የሚናገር መስመር አላየሁም። የትምህርት ዕቅድ ማቅረብና ውጤት መሙላት፣ በስብሰባ መገኘትም ተጽፎ ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ይኸ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው ይላሉ። በእርግጥ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ቴይለር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የፋብሪካ ሥራ በትንንሹ ተከፋፍሎ እንዲለካ፣ ማሰቡ ለቢሮ ማድረጉ ለሠራተኛ እንዲሆን አስተምሯል፤ የዛሬው ወረቀትም የእርሱ ዘመን ጠረን አለበት። ሥራን ለይቶ መስጠት ግን በእኛም ዘንድ የቈየ ነው። የቀድሞዎቹን የማዕርግ ስሞች ተመልከቱ። ፊታውራሪ ማለት ከፊት ሆኖ የሚመራ ነው። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ያዘምታል። ጸሓፌ ትእዛዝ የንጉሡን ትእዛዝ ይጽፋል፤ እልፍኝ አስከልካይ የእልፍኙን መግቢያ ይጠብቃል፤ ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላት ንጉሡን ለይቶ እንዳያውቅ የሚያደርግ ነበረ፤ ከዚህ የከበደ የሥራ ግዴታ ምን አለ? እንደዚያ ባለው ዘመን መዘርዝሩ በስሙ ውስጥ ነበረ። ፊታውራሪ ተብሎ ከኋላ የተገኘ ሰው የገዛ ስሙ ይሰድበው ነበር።

በኋላ ግን ስሙ ከሥራው ተለየ። ዘምቶ የማያውቅ ቀኛዝማች፣ ነጋዴ የማያዝዝ ነጋድራስ ተሾመ፤ ስሙ ለክብር ብቻ ሆነ። ዛሬ አስተባባሪ፣ ኦፊሰር፣ ኤክስፐርት የሚባሉት ስሞች በዚያው መንገድ የሚሄዱ ይመስለኛል። አንድ ወጣት በስልክ «ሲኒየር ኦፊሰር ሆንሁ» ብሎ ደስታውን ሲነግረኝ፣ «ደስ ይበልህ ልጄ፤ ነገ ጧት ከቢሮህ ገብተህ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት ዝም አለ።

መንግሥታችን የሥራን ወሰን በጽሑፍ ማድረግ የጀመረው ከላይ እንጂ ከታች እንዳልሆነ ወጣቶች ቢያስተውሉት እወዳለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦሩን፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግዱንና የውጭ ጉዳዩን ያዙ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በጥር 1935 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ትእዛዝ ቍጥር 1 የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስን ነበረ። ቍጥር አንድ የተባለው ትእዛዝ የዘበኛና የተላላኪ ግዴታ ሳይሆን የሚኒስትር ግዴታ መሆኑ፣ ያውም ማንም ገዝቶ በሚያነበው ጋዜጣ መታተሙ፣ ትልቅ ነገር ነው። እርግጥ ወረቀቱ ብቻውን ሥልጣንን አላካፈለም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ትልቁም ትንሹም ጉዳይ ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ይደርስ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስለ መንግሥት ሠራተኞች በ1950ዎቹ የወጡት ደንቦች፣ ኋላም የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የተባለው፣ በቅርቡም በነጥብ የሥራ ምዘና የተደረገው፣ ሁሉም ወረቀቱን አሻሻሉት፤ የጽሑፉ ጠባይ ግን እኔ እንደማየው ያው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው የራሱን መዘርዝር ይፈርማል እንጂ የአለቃውን አያይም።

ይኸን ስል የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ትዝ ይለኛል። በመመገቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ ሥራ በስም በስም ይጻፍባታል፤ እገሌ ውኃ፣ እገሌ እንጨት፣ እገሌ ደወል፣ እገሌ ፋኖስ መወልወል። ከስማችን መካከል የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ የሆኑት ፈረንጅ ስም ነበረበት፤ ሐሙስ ማታ ሳሕን ያጥባሉ። እኛ ልጆች ሐሙስ በመጣ ቍጥር በመስኮት ተንጠራርተን እናያቸው ነበር። ሳሕን አጠባ አይችሉም ነበር፤ ይሰብራሉ። ነገር ግን በዚያች ሰሌዳ ላይ ያጕረመረመ ልጅ አላስታውስም።

አሁን ዓይኔ ከዚያች ከአሥራ ሁለተኛዋ መስመር ላይ ለምን እንደ ቀረ ልናገር። በ1988 ዓ.ም. በአንድ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበርሁ። ለሠራተኞች ሁሉ የሥራ መዘርዝር ይውጣ ተብሎ ሲወሰን፣ ጽሕፈት ይችላል ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የጽዳት ሠራተኞችን ወረቀት ስጽፍ አሥር መስመር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ የምጽፈው ባጣ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት ያየኋትን የመጨረሻዪቱን መስመር ገልብጬ ጨመርኋት፤ ጽሑፉን ሙሉ አስመሰለችልኝ። ደስ ብሎኝ እንደ ነበረም አስታውሳለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በአለቃችን ቤት ሠርግ ደረሰ። ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዷ፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ለአንድ ሳምንት ከቤቱ ሄዳ እንድትሠራ ታዘዘች። ወደ እኔ መጥታ «መምህር፣ ይኸ የእኔ ሥራ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ፋይሉን አውጥቼ መስመሪቱን በጣቴ አሳየኋት። «ተጽፏል እኮ፤ ፈርመሽበታል» አልኋት። ማንበብ አትችልም ነበር፤ ስትቀጠር የፈረመችው በጣቷ ነው። ሄደች። በሦስተኛው ቀን የጠላ እንስራ ተሸክማ ከደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

ሁለት ወር ከሥራ ቀረች። ደመወዝዋ ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚል ነገር ሲነሣ፣ አለቃው በጉርብትና መጥታ ረዳችን እንጂ አላዘዝኋትም አለ። የአስተዳደር ቦርዱም ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ እንዳስረዳ እኔን ጠየቀኝ። ያንኑ ወረቀት አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ግን የመጨረሻዪቱን መስመር ትቼ አሥሩን መስመሮች አነበብሁ። የሥራው ቦታ የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው ይላል፤ የአለቃው ቤት ከግቢው ውጭ ነው። እንዲሁ ብዬ ጻፍሁ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ አንድም ሐሰት ቃል የለበትም። የሁለቱ ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ወጌሻውንም ሐኪሙንም ከኪሷ ከፈለች።

ወረቀቷ ሴትዮዋን ለመላክ ሰፊ ነበረች፤ ለመክፈል ጊዜ ግን ጠበበች። ሁለቱንም ጊዜ ያነበብኋት እኔ ነኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅን ስመለከት፣ ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የደረሰበት ጉዳት ከሥራ ቦታው ውጭ ወይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቢሆን እንኳ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ እንደሚቈጠር አነበብሁ። አንድ ቀን ሄጄ ብጠይቅ ይነገረኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ክንዷ በደንብ አልተቃናም ነበር፤ እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ፣ መምህር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል ሳትናገር ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልፈልጋት ሰፈርዋ ሄጄ ነበር፤ ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪው ተበትኗል፤ የት እንደ ገባች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከዚህ በመነሣት ወረቀት ከንቱ ነው፣ ያለ ወረቀት በመተማመን መሥራት ይሻላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ወደ መርካቶ ይምጣና ይመልከት። ከገጠር መጥቶ በዘመዱ ሱቅ የሚያድር ልጅ መዘርዝር የለውም፤ ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ ይሸከማል፣ ይሸጣል፣ ለባለቤቱ ቤት ዳቦ ያመጣል። በዚህ መንገድ ሥራውን ከሥር ከመሠረቱ ተምረው፣ በመጨረሻም አሳዳጊያቸው ባቆመላቸው መነሻ ታላላቅ ነጋዴዎች የሆኑ ብዙ ናቸው፤ እነርሱን አከብራለሁ። ነገር ግን ያ እንዲሆን ባለሱቁ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆን አለበት። ቃሉን ያልጠበቀ እንደ ሆነ ልጁ አሥር ዓመት ሠርቶ ባዶ እጁን ሲወጣ ምን ያሳያል? ጫኝና አውራጆቹ እንኳ ከዚህ ይሻላሉ፤ የማን ቡድን በየትኛው መንገድ የመጣ መኪና እንደሚያራግፍ ሳይጻፍም በመካከላቸው ያውቁታል፤ ወሰኑን ያለፈም ሰው ጠብ ይገጥመዋል። የቤት ሠራተኛ ሆና የተቀጠረች ልጅ ግን ወሰን የሚባል ነገር አታውቅም። ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስም የእርሷ ሥራ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም የእርሷ ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ስለሚያድር ሠራተኛ መኝታና ምግብ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ሰዓቱ አሠሪው እንዲያስብ ያዝዛል። ይኸን ሕግ ለቤት ሠራተኛዋ ያነበበላት እመቤት እኔ አላጋጠመችኝም።

ስለዚህ ወረቀቱ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ እንዲገልጽ ያዝዛል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ወጣቶች ይኸን ዐሥራ አምስት ቀን አስታውሱት። አብዛኞቻችሁ የምትሰሙት ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አለቆች ነው፤ የሠራተኛውን ጥፋት ደግሞ ልተው አልችልም። ሠራተኛው የሚያጠፋባት መስመር በወረቀቱ ላይ አልተጻፈችም፤ በቃል የምትነገር ናት፤ «እኔን አይመለከተኝም» ትባላለች። ከመስኮት ወደ መስኮት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ስንባረር የኖርን ሁላችን እናውቃታለን። በአውሮጳ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ማቆም ሳያስፈልጋቸው ባለሥልጣኖችን የሚያስጨንቁበት አንድ ዘዴ አላቸው፤ ደንቡን ቃል በቃል ይፈጽማሉ። ደንቡ ሁሉ ሲፈጸም ባቡሩ ይዘገያል። ማናቸውም ሥራ የሚሄደው በተጻፈው ብቻ እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። እነርሱ ግን ይኸን የሚያደርጉት ለክርክር ነው፤ ክርክሩ ሲያልቅ ይተዉታል። በእኛ ዘንድ በየመስኮቱ የተቀመጡት አንዳንዶች ያለ ምንም ክርክር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደርጉታል። ያው አዋጅ እንኳ በሥራ ቦታ አደጋ ሲደርስ፣ ወይም የሰው ሕይወትና ንብረት በሚያሰጋ ጊዜ፣ ሠራተኛው ራሱን ለጉዳት ሳይሰጥ እንዲረዳ ያስገድደዋል፤ እሳት ሲነሣ መዘርዝሬን አምጡልኝ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ከተጻፈው ወሰን ማለፍ መቼ ደግ ነው፣ መቼስ በደል ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሰፈሬ አግኝቻለሁ። ከቤቴ ጥቂት ርቆ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሰዎች «አማኑኤል ይግባ» እያሉ በሰፈራችን ስም መቀለድ ይወዳሉ፤ እዚህ የሚኖር ሰው ግን ልጁን በገመድ አሥሮ ከሩቅ አገር ያመጣ አባት በበሩ ላይ ሲቆም ስላየ አይስቅም። ይኸ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረ። የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1987፣ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን በዚሁ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት የሠለጠኑት ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። መርምረው በሽታውን ለዩ፤ መድኃኒት አዘዙ፤ ቤተ ሰቡን መከሩ። በሀብታም አገር መዘርዝር ላይ ይኸ የሐኪም ሥራ ነው፤ ነርስ ብታደርገው ከወሰን ማለፍ ይባላል።

እነርሱም እንደ እኔ ጽዳት ሠራተኛ ከቀድሞ ወሰናቸው ውጭ እንዲሠሩ ተደረገ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለነርሶቹ ሥራው ሲጨመር ትምህርቱ አብሮ ተሰጣቸው፤ ሥልጣኑም አብሮ ተሰጣቸው፤ የሚያደርጉትን የሚያውቅና የሚያምን መሥሪያ ቤት ከኋላቸው ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሥራው የተጨመረው በገመድ ታሥሮ ስለ መጣው ልጅ ነው፤ ስለ አለቃ ሠርግ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት መበለቶች በዕለት ምግብ ተረሱ የሚል ማንጐራጐር ስለ ተነሣ ነው። የሥራ ክፍያው የተጀመረው ከጠባቂዎቹ ጩኸት ነው። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ በማዕድ ብቻ እንዳልቀረም ታውቃላችሁ፤ ከወሰንህ አልፈሃል ብሎ የወቀሰው ሐዋርያ ግን አልተጻፈም።

ወደ ልጁ ልመለስ። የእኔን ታሪክ ከነገርሁት በኋላ ሁለታችን በሌላ ወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጻፍን። አሥራ ሁለተኛው መስመር ከመጋዘኑ ሥራ ጋር የተያያዘ፣ በሥራ ሰዓት የሚሠራ የሚል ቃል እንዲጨመርበት ነው አንዱ። ሁለተኛው የቅርብ አለቃው ማን እንደ ሆነ በስም እንዲጻፍ ነው፤ ምክንያቱም በመርካቶ ባለቤቱም፣ ሚስቱም፣ ወንድሙም፣ የአክስቱ ልጅም አለቃ ናቸውና። ሦስተኛውን የጨመረው ልጁ ራሱ ነው፤ ገዢ የተሰበረ ዕቃ ቢመልስ ማን ይቀበለዋል የሚል። ይኸን በወረቀቱ ላይ አላገኘሁትም አለኝ፤ እኔም አላስተዋልሁትም ነበር፤ ስለ ባለጉዳይ ይኸን ሁሉ ስናገር ቈይቼ።

ከዚያ ግን ፈራ። «ጋሼ፣ ከኋላዬ መቶ ሰው ቆሟል፤ ይኸን ባሳያቸው ሂድ ቢሉኝስ?» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ጡረታዬን እየበላሁ ለሌላው ድፍረት መምከር ይቀለኛል። «እንግዲያውስ ሁሉን አትጠይቅ፤ የምትችለውን ጠይቅ» አልሁት።

ባለቤቱ ወረቀቱን አንብቦ «ይኸን ማን ጻፈልህ?» ብሎ ሣቀ አሉ። ከመጋዘኑ ሥራ ጋር የተያያዘ የሚለውን ተቀበለ። አለቃውንም በስም ጻፈ፤ ወንድሙን ነው። የተሰበረውን ዕቃ ነገር «እናየዋለን» አለ። የሥራ ሰዓቱን ግን «በበዓል ሰሞን መርካቶ ሰዓት የለውም» ብሎ ሰረዘው። ልጁ ፈረመ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ የባለቤቱ የአክስት ልጅ መኪናውን እንዲያጥብለት አዝዞት እንደ ነበረ አጫወተኝ። «ታዲያ ምን አደረግህ?» አልሁት።

«አጠብሁለት» አለኝ። «ወረቀቱን አላወጣሁትም፤ ግን ከኪሴ ነበረ።»